ምንም የማይዘው መጥበሻ፣ ልባጡን በምን ያዘው?

በቀደም ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት ቡና ላይ ተቀምጠን የገብስ ቆሎ ቀረበ። የመንዝ ገብስ ነው፤ ሲቆረጠም ድምፁ ራሱ ያጠግባል። እየዘገንኩ ሳለ ጥቁር ቅርፊት እጄ ላይ ቀረች። ያረረ ገለባ መሰለችኝ። በጥፍሬ ስጫናት ተጣጠፈች። ያረረ ገለባ ደግሞ ይፈረከሳል እንጂ አይታጠፍም።

ጓዳ ገብቼ ሳይ ነገሩ ገባኝ። ቆሎው የተቆላው በኖንስቲክ መጥበሻ ነው። የገዛሁላት እኔው ነኝ፤ ዓመትም አልሞላው። መሃሉ መዳፍ በሚያህል ስፋት ተልጦ ነጩ አሉሚኒየም ፈጥጧል።

«አይዝም ብለህ አመጣህልኝ፤ እሱ ራሱ አልያዘ» አለችኝ።

ስቄ አለፍኩት። ማታ ግን ንግግሯ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። እውነትም ጥያቄ ነው። እንቁላል የማይዘው፣ ወጥ የማይዘው፣ ሙጫ እንኳ የማይዘው ነገር ብረቱን በምን ያዘው? እና የአክስቴ መጥበሻ ለምን በዚህ ፍጥነት ለቀቀ? መልሱን ስከታተል የገበያው ግራናይት ድስት፣ አዲሱ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ፈረንጆቹ ፓርላማ ድረስ የወሰዱት ክርክር ሁሉ እዚሁ ጥያቄ ላይ የተንጠለጠሉ ሆነው አገኘኋቸው።

ከቁሱ እንጀምር። መጥበሻው የተለበጠበት ቴፍሎን የምንለው ነው፤ ቴፍሎን ግን የንግድ ስም ነው። የቁሱ ስም በአጭሩ ፒቲኤፍኢ ይባላል። ረጅም የካርቦን ሰንሰለት ነው፤ ዙሪያውን በፍሎሪን ተጠቅልሏል። የካርቦንና የፍሎሪን ትስስር በካርቦን ኬሚስትሪ ውስጥ ከሚታወቁት ነጠላ ትስስሮች ሁሉ ከጠንካሮቹ ነው። ፍሎሪን ደግሞ ስስታም ነው፤ ኤሌክትሮኖቹን ጨብጦ ለማንም አያካፍልም። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ነገር የሚጨብጠው እጀታ አያገኝም። በእግሩ መዳፍ ተለጥፎ መስታወት የሚወጣው ጌኮ የሚባለው እንሽላሊት እንኳ ደረቅ ቴፍሎን ላይ ያንሸራትተዋል።

የተገኘውም በአጋጣሚ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1938 እ.ኤ.አ. ሮይ ፕለንኬት የሚባል የ27 ዓመት ኬሚስት በአሜሪካ ኒው ጀርዚ፣ በዱፖን ኩባንያ ቤተ ሙከራ ውስጥ የጋዝ ሲሊንደር ከፈተ። ጋዝ አልወጣም። ሲሊንደሩን ሲመዝኑት ግን ክብደቱ አልቀነሰም። በመጋዝ ቆርጠው ከፈቱት። ውስጡ እንደ ሰም የሚያዳልጥ ነጭ ዱቄት ተጋግሮ ተገኘ። መጀመሪያ የተፈለገውም ለጓዳ አልነበረም። የአቶሚክ ቦምብ ፕሮጀክቱ ሰዎች ያገኙትን ሁሉ የሚበላ የዩራኒየም ጋዝ ይዘው ተቸግረው ነበር፤ ይህን ጋዝ የሚቋቋም ማሸጊያ ሆነላቸው።

ወደ መጥበሻ ያመጣው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ማርክ ግሬጓር ነው። እሱ ቁሱን የፈለገው ለዓሣ ማጥመጃ ዕቃው ነበር። በሚስቱ በኮሌት ሐሳብ በ1954 እ.ኤ.አ. አሉሚኒየም መጥበሻ ላይ ሞከረው። በ1956 ቴፋል የሚባለው ኩባንያ ተቋቋመ። ስሙም ከቴፍሎንና ከአሉሚኒየም የተገጣጠመ ነው።

ቁሱ ተገኝቶ መጥበሻ ላይ እስኪቀመጥ 16 ዓመት አለፈ። አንዱ ማነቆ የአክስቴ ጥያቄ ነበር፤ በምን ይያዝ?

ተራ ፕላስቲክ ቢሆን ቀልጦ ይፈስስ ነበር። ፒቲኤፍኢ ግን 327 ዲግሪ ላይ ሲቀልጥ እንኳ አይፈስም። ከሊጥም፣ ከሬንጅም በላይ ወፍራም ሆኖ ባለበት ይቆማል። አፍስሰህ አትቀባውም። በሙጫ ለማጣበቅ ብትሞክር ሙጫው ራሱ አይዘውም። የግሬጓር መላ ይህን ሁሉ ዘለለው። አሉሚኒየሙን በአሲድ አስበልቶ ዓይን የማያያቸው ጉድጓዶች ሠራበት። ከዚያ ዱቄቱን አለበሰው። በመጨረሻም በኃይለኛ ሙቀት ጋገረው። የዱቄቱ ቅንጣቶች እርስ በርስ ተያያዙ፤ ጉድጓዶቹ ውስጥ የገባውም እዚያው ተቆለፈ። ሙጫ የለም፤ ጥርስ ነው ያለው።

ጭቃ ቤት ሲመረግ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጭቃውን የያዘው ማጣበቂያ አይደለም። በማገሩ ክፍተት አልፎ በወዲያኛው በኩል ስለሚያብጥ ነው የሚቆየው። ልሙጥ ጣውላ ላይ ብትመርገው በደረቀ ማግስት ይረግፋል።

ከዚህም የሚቀርበው የገዛ ምጣዳችን ነው። አዲስ ሸክላ ምጣድ ከገበያ መጥቶ በቀጥታ እንጀራ አይጋገርበትም፤ ይሟሻል። ይግላል፣ የተወቀጠ ጎመን ዘር ይነሰነስበታል፣ ይታሻል፣ ይጨሳል፣ ይጠቁራል። ሸክላው ስፖንጅ ነው። የጎመን ዘሩ ዘይት በቀዳዳዎቹ ይሰርጋል፤ በሙቀቱ ደግሞ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ተሳስረው ዘይትነታቸውን ትተው እንደ ቀጭን ቫርኒሽ ይጠነክራሉ። ሥሩ ሸክላው ውስጥ፣ ፊቱ ልሙጥ። ግሬጓር ካደረገው ጋር መርሁ አንድ ነው፤ መጀመሪያ የተቦረቦረ ነገር፣ ከዚያ የሚሞላው፣ ከዚያ እሳት። እናቶቻችን በኬሚስትሪ ስም አልጠሩትም እንጂ ሥራውን ከማንም በፊት ያውቁታል። ልዩነቱ ያለው የኛው ልባጥ ሲሳሳ በየጋገራው በማሰሻ ስለሚታደስ ነው። የፋብሪካው አይታደስም። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ወደ መጨረሻ እንመለስበታለን።

የዛሬ ፋብሪካ በጥርስ ብቻ አይተማመንም። መጀመሪያ አሉሚኒየሙ ከቅባት ይጸዳል። የጣት አሻራ ቅባት እንኳ ነገ የሚላጥበት ቦታ ይሆናል። ከዚያ በኃይለኛ አየር የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ብናኝ ይረጭበታል፤ ፊቱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ውድ የሆኑት ላይ የቀለጠ አይዝጌ ብረት ወይም ሴራሚክ እንደ ነጠብጣብ ተረጭቶ ይደርቅበታል፤ ያ ደግሞ ጠንካራ ጥርስ ነው።

ዋናው ብልሃት ከዚህ በኋላ የሚመጣው ፕራይመር ነው። የብረት በር የሚቀባ ሰው አንቲረስት ሳያስቀድም ቀለም እንደማይቀባው ማለት ነው። ይህ የመጀመሪያ ቅብ ሁለት ጠባይ ያላቸው ነገሮች ድብልቅ ነው። አንዱ ያው ፒቲኤፍኢ ነው። ሌላው ብረት የሚወድ፣ ሙቀት የሚችል ሙጫ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፖሊአማይድ ኢማይድ የሚባለው። ሁለቱ በውሃ ተበጥብጠው ይረጫሉ። መጋገሪያ ውስጥ ሲገቡ ይለያያሉ። እርጎ ሲናጥ ቅቤው ወደ ላይ እንደሚወጣው ሁሉ ፒቲኤፍኢው ወደ ላይ ያደላል፤ ሙጫው ወደ ብረቱ ይሰምጣል። አንድ ቅብ ሆኖ ሳለ ሆዱ ብረቱን ይይዛል፣ ጀርባው ለቀጣዩ ቅብ ዘመድ ይሆናል። ቴፍሎን የሚይዘው ቴፍሎንን ነዋ።

በላዩ መካከለኛው ቅብ ይመጣል፤ ጭረት እንዲችል ጠንካራ ማዕድን ይጨመርበታል። ከዚያ የላይኛው፣ ንጹሕ ሊባል የሚችለው ፒቲኤፍኢ። በመጨረሻ ሁሉም አብረው እስከ 400 ዲግሪና ከዚያም በላይ በሆነ እቶን ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ያልፋሉ። የቅቡ ሁሉ ውፍረት ተደምሮ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 50 ማይክሮን ነው። የራስ ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ ነው። ሦስት ፎቅ የተባለው ሁሉ ከአንድ ፀጉር ይቀጥናል።

እና ርካሹ ከውዱ የሚለየው በምንድን ነው? ላይ በሚታየው አይደለም። ሁለቱም ሱቅ ውስጥ ያብረቀርቃሉ፤ ሁለቱም ላይ የመጀመሪያው እንቁላል ይንሸራተታል። ልዩነቱ ከሥር ነው። በርካሹ ሥራ ጠፍጣፋው አሉሚኒየም ይታጠብና ሳይሻክር በሮለር ይቀባል፣ ይጋገራል፣ ከዚያ በማተሚያ ተጨፍልቆ መጥበሻ ይሆናል። ጎኑ ሲታጠፍ ልባጡም አብሮ ይለጠጣል። በደህናው ሥራ መጥበሻው መጀመሪያ ቅርጹን ይይዛል፣ ይሻክራል፣ ከዚያ በየተራ ይረጫል። እኛ የምንከፍለው ለማናየው ነገር ነው። ሻጩም አያየውም። በኔ ግምት የዚህ ገበያ ትልቁ ችግር ይህ ነው፤ ጥራቱ ያለው በማይታየው ፊት ላይ ነው።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ የምንመለከተው ጥቂት ነገር ብቻ ይቀራል። ክብደት አንዱ ነው። ስስ አሉሚኒየም እሳት ላይ ይንጋደዳል፣ ልባጡን ይዞት ይሰነጠቃል። እጀታው የተመታባቸው ችንካሮች ዙሪያና ጠርዙ ሌላው ነው፤ መላጥ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው። በብርሃን አዘንብሎ ሲታይ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለ ነጥብ ካለው ይቅርባችሁ።

ግራናይት ድስትን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ዛሬ ሠርግ ላይ ስጦታ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነው። አብዛኛው ግን ድንጋይ የለበትም። ያው አሉሚኒየም ነው፣ ያው ፒቲኤፍኢ ወይም ሴራሚክ ነው፤ ላዩ ላይ ነጠብጣብ ቀለም ተረጭቶበታል። የደብረ ብርሃን ሴቶች ድንጋይ ያውቃሉ፤ ወፍጮውም፣ የግቢው አጥርም ድንጋይ ነው። «ድንጋይ እንዲህ ይቀላል እንዴ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃ ነበር።

ሴራሚክ የሚባለው ግን እውነትም ሌላ ዘር ነው። ከአሸዋ ወገን የሆነ፣ ሲሊኮንና ኦክስጅን የተሳሰሩበት ፈሳሽ ይረጭና ከቴፍሎን በጣም ባነሰ ሙቀት ይጠነክራል። አያያዙም ይለያል። ከአሉሚኒየሙ ፊት ካለው ኦክሳይድ ጋር በኦክስጅን ድልድይ በኬሚካል ይተሳሰራል። ስለዚህ መያዙን በደንብ ይይዛል። ድካሙ ሌላ ቦታ ነው፤ የሚያንሸራትተው በውስጡ ያለው የሲሊኮን ዘይት ነው፣ ያ ደግሞ ከቀን ወደ ቀን ያልቃል። የቴፍሎኑ ይላጣል፤ የሴራሚኩ ሳይላጥ መያዝ ይጀምራል።

አሁን ወደ ቆሎው። የአክስቴን መጥበሻ ማን ገደለው?

አንደኛ፣ ቆሎው ራሱ። ፒቲኤፍኢ ጠባዩ እስከ 260 ዲግሪ ድረስ ጥሩ ነው። ዘይት ወይም ውሃ ያለበት ምግብ መጥበሻውን ያቀዘቅዘዋል። ሽንኩርት ያለ ዘይት ሲቁላላ እንኳ የራሱ ውሃ አለው። ቆሎና ቡና ግን ደረቅ ናቸው። ከሥር ደግሞ የከሰል ፍም አለ፤ ፍም ከ600 ዲግሪ በላይ ነው። በዚያ ላይ ገብሱ እየተማሰለ እንደ አሸዋ ይፈትገዋል። ለቆሎ የተፈጠረው ብረት ምጣድ ነው፤ ወይ ሸክላ።

ሁለተኛ፣ ውሃው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የጠዋቱን የቧንቧ ውሃ የነካ ያውቃል፤ ጣት ይቆርጣል። የጋለ መጥበሻ እሱ ውስጥ ሲነከር «ቿ» የሚለው ድምፅ ደስ ይላል እንጂ ልባጡን ያለያየዋል። ሙቀት ሲያገኝ ፒቲኤፍኢ ከአሉሚኒየም አምስት እጥፍ ያህል ይሰፋል፤ ሲቀዘቅዝም እንዲሁ ይሰበሰባል። በአንድ ጊዜ ሲቀዘቅዙ አንዱ ይጎትታል፣ ሌላው እምቢ ይላል። በየቀኑ አንድ ጥርስ ይነቀላል ማለት ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው። ወጥ ማሳደር። ልባጡ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉት። ጨውና ኮምጣጣ ነገር በነሱ ይሰርግና አሉሚኒየሙን ከሥር ይበላዋል። የተበላው ቦታ ያብጣል፣ ልባጡን እንደ ቃጠሎ ውሃ ያነሳዋል። የፋብሪካ ሙከራ ላይ መጥበሻ በጨው ውሃ የሚቀቀለው ለዚህ ነው። የትናንቱን ሽሮ ድስቱ ውስጥ እንዳለ ማሳደር ያንኑ ሙከራ በየሌሊቱ ቤት ውስጥ መድገም ነው።

የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ላይ ንግግር አላበዛም። ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ይፈትጋል።

ስለ ጤናው ስጠየቅ ሁለት ነገር እለያለሁ። የሚላጠው ቅርፊትና ሲሠራ የሚገባበት ኬሚካል አንድ አይደሉም።

ቅርፊቷን ብትውጣት ሰውነት አይፈጫትም፤ እንደገባች ትወጣለች። ቁሱ ከሰውነት ጋር ስለማይነካካ ነው ለሰው ሠራሽ የደም ሥር የሚያገለግለው። ከልክ በላይ ሲግል ግን ሌላ ነው። ባዶ መጥበሻ ኃይለኛ እሳት ላይ በጥቂት ደቂቃ 260ን ያልፋል፤ ከ350 በላይ ሲደርስ መፈራረስ ይይዛል፣ የሚወጣው ጢስ ሰው ላይ እንደ ጉንፋን ያለ ትኩሳት ያመጣል። ወፎች ላይ ይገድላል። ፒቲኤፍኢ የተቀባ የማሞቂያ አምፖል የዶሮ መንጋ የጨረሰበት አጋጣሚ ተመዝግቧል። ጫጩት ማጀት ውስጥ ከምድጃው አጠገብ የሚያሞቅ ሰው ይህን ቢያውቅ አይከፋም።

ኬሚካሉ ደግሞ ፒኤፍኦኤ ይባላል። ፒቲኤፍኢ በውሃ ውስጥ ሲሠራ ለማበጥበጥ ይገባ ነበር። በምድርም በደምም ውስጥ በቀላሉ አይጠፋም። በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ፓርከርስበርግ አካባቢ የመጠጥ ውሃ በክሎ 3,500 ያህል ሰው ከሰሰ፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ዱፖንና ከእሱ የወጣው ኬሞርስ 671 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። ትልልቆቹ አምራቾች እስከ 2015 ለመተው ተስማምተው ነበር። በ2019 የስቶክሆልም ስምምነት ከሚታገዱት ዝርዝር ውስጥ አስገባው። በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ ከሚላቸው ተርታ መደበው። ስለዚህ ዛሬ «ፒኤፍኦኤ ፍሪ» የሚለው ጽሑፍ ብዙም ወሬ አይደለም። «ታርጋ አለው» ብሎ መኪና እንደ መሸጥ ነው። ስለተተካው ኬሚካልና ስለ ልባጡ አያያዝ አንድም ነገር አይነግርም።

ሙግቱ አሁን ፒቲኤፍኢንም ጨምሮ ወደ ኬሚካሉ ቤተሰብ ሁሉ ዞሯል። ሚኒሶታ ግዛት ከጥር 1 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፍሎሪን ቤተሰብ ልባጥ ያለበት ማብሰያ እንዳይሸጥ ከልክላለች። ፈረንሳይ በዚያው ዓመት ሕግ አውጥታ መዋቢያና ልብስ ላይ ስታግድ መጥበሻን ግን አስቀረች። ሥራችን ይዘጋል ብለው የቴፋል ፋብሪካ ሠራተኞች በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የወጡትን ሰልፍ ያየ ምክንያቱ ይገባዋል። የእኛ ገበያ እዚህ ውስጥ የት ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ሀብታሙ ዓለም የማይፈልገው ዕቃ ወደ ድሃው ሲንከባለል ከዚህ በፊት አይተናል። ያገለገለ መኪና፣ ያገለገለ ፍሪጅ። ፍርሃቴ ይህ ነው።

በተለይ አሁን። የመብራት ታሪፍ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እያለ ስለሆነ፣ የሸክላው የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ለመጋል ጊዜ ስለሚወስድ፣ ስሱ ኖንስቲክ ምጣድ እየተወደደ ነው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ለኖርዌጂያኖች የድንች ቂጣ በተሠራ ኖንስቲክ መጋገሪያ እንጀራ ሲጋግሩ ዓመታት አልፈዋል። እንጀራ 200 ዲግሪ ገደማ ላይ ይበስላል፤ ከ260 በታች ነው። ችግሩ ምጣድ ባዶውን መጋሉ ነው። አንዱ እንጀራ ወጥቶ ሊጡ እስኪፈስ፣ መሃል ላይ ጎረቤት ስትጠራ፣ ስልክ ሲጮህ። ሸክላው ይህን ሁሉ ችሎ ኖሯል። ኖንስቲኩ የሚችለው ሙቀቱን ራሱ የሚቆርጥ ቴርሞስታት ካለው ብቻ ነው። ስትገዙ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ካያችሁበት፣ እኔ ብሆን አልወስደውም።

አክስቴ በመጨረሻ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነበር። «እንደ ምጣዱ በጎመን ዘር አይሟሽም?»

አይሟሽም አልኳት። የቀረው ልባጥ ዘይቱን አይቀበልም፤ የተላጠው ብቻ ይጠቁራል። እንደ አዲስ ለመቀባት ያለው ሁሉ ተፍቆ፣ ብረቱ ዳግም ሻክሮ፣ ተረጭቶ፣ 400 ዲግሪ እቶን መግባት አለበት። ያ ደግሞ ከአዲሱ ዋጋ ይበልጣል።

አሁን ጓሮ ነው ያለው። ዶሮዎቿ ውሃ ይጠጡበታል። ቆሎውም ወደ ድሮው ብረት ምጣድ ተመልሷል፤ ባለፈው ቅዳሜ ቀምሼዋለሁ።